ዱቄት ከበቃ ደሙ ለምን አስፈለገ?

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይሄ ነው። ጠያቂያችን ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፣ ሆም ኬር ትሰራለች፣ የምትንከባከባቸው እናት አይሁዳዊት ናቸው፣ ከ80 አልፈዋል። ዮም ኪፑር፣ የአይሁድ የማስተሰረያ ቀን ማለት ነው፣ ሲቃረብ «ቤተ መቅደሱ ፈርሷል፣ በግ አይታረድም፣ ታዲያ ኃጢአታችሁ በምን ይሰረያል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሴትየዋ ዝም ብለው ቆዩና «ደሃ እኮ ዱቄት ነበር ሚያመጣው፣ ደም የለውም፣ ግን ይቅር ይባል ነበር፣ ሄደሽ አንብቢው» አሏት፣ ከዛን ቀን ወዲህ ቀዝቀዝ ብለውባታል። ስታነበው እውነትም አለ። ፕሮቴስታንት የሆነው ወንድሟ «ደም ሳይፈስ ስርየት የለም፣ አለቀ» አላት፣ የንስሐ አባቷ ደሞ ኦሪቱን ብቻሽን አታንብቢ አሏት። እሷን ግን «እግዚአብሔር በዱቄት ይቅር ካለ ጌታችን ለምን ሞተ?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳት። መጨረሻ ላይ ደሞ አንድ ነገር ጨምራለች፣ ጓደኛዋ አገር ቤት ላለች እናቷ እንድትልክላት አደራ የሰጠቻትን ብር ቸግሯት በልታው «ሃዋላው ላይ ጠፋ» ብላ ዋሽታለች። ንስሐ ገብታለች፣ ጾማለች፣ አልቅሳለች፣ ሰላም ግን አላገኘችም። «አውቆ ለሰራ ሰው መሥዋዕት የለውም የሚል አነበብኩ፣ እኔስ?» ትላለች።

እህቴ፣ ከዱቄቱ ልጀምርልሽ። ሴትየዋ ልክ ናቸው። ዘሌዋውያን 5 ላይ የበደለ ሰው መጀመሪያ ከመንጋው ሴት በግ ወይ ፍየል ያምጣ ይላል፣ ለዛ አቅም ካጣ ሁለት ዋኖስ ወይ ሁለት የርግብ ጫጩት፣ ለሱም እጁ ካጠረው የኢፍ መስፈሪያ አሥረኛ እጅ ዱቄት፣ ወደ 2 ሊትር ገደማ ማለት ነው፣ ዘይትም ዕጣንም ሳይገባበት። ካህኑ እፍኝ ዘግኖ መሠዊያው ላይ ያቃጥለዋል፣ ከዛ ኃጢአቱ ይሰረይለታል ይላል፣ በግ ላመጣው ሰው የተባለው ነው ለሱም የተባለው፣ ምንም አልተቀነሰበትም። ይሄን ቦታ ሰው ሲሰብክበት ብዙም አልሰማሁም፣ እኔ ግን ከኦሪት ውስጥ በጣም ከምወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው ምክንያቱም ማንም በድህነቱ ምክንያት ከይቅርታ ደጅ እንዳይቀር እግዚአብሔር ራሱ እያቀለለው እያቀለለው ሲወርድ ታያለሽ። እመቤታችንም እኮ ጌታን ወልዳ ወደ ቤተ መቅደስ ስትወጣ ሉቃስ 2 የሚያነሳው ዋኖስና ርግብ ነው፣ በሕጉ ያ በግ ላልቻለች እናት የተፈቀደው ነው።

ወንድምሽ የጠቀሰልሽን ዕብራውያን 9፥22ን ደሞ ከመጀመሪያው አንብቢው። «ከጥቂቶች በቀር» ነገር ሁሉ በደም ይነጻል ነው የሚለው። መልእክቱን የጻፈው ሰው ኦሪትን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ዱቄቱንም ያውቃል፣ ስለዚህ አንቺ አሁን ያገኘሽው ነገር ሐዲስ ኪዳንን የሚያናጋ ተደብቆ የኖረ ምስጢር አይደለም፣ አትደንግጪ።

ይልቅ እኔ እንደገባኝ ያስቸገረሽ ነገር ስለ ደሙ ውስጥሽ ያለው ስዕል ነው። ብዙዎቻችን ስናድግ የሰማነው እግዚአብሔር ተቆጥቷል፣ ቁጣው የሚበርደው የሆነ ነገር ሲሞት ነው፣ በጉ በኛ ፋንታ ተመታ፣ በኋላ ደሞ ጌታ በበጉ ፋንታ ተመታ የሚል ነው። በዚህ ስዕል ውስጥ ዱቄት ቦታ የለውም፣ ዱቄት ማን ሊመታው ነው? ለዛ ነው ስታነቢው ሁሉ ነገር የተናደብሽ።

አሁን ዘሌዋውያን ላይ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚካሄድ ቀስ ብለሽ እይው። ሰውየው እንስሳውን ራሱ ይዞ ይመጣል፣ እጁን በእንስሳው ራስ ላይ ይጭናል፣ ራሱ ያርደዋል። የካህኑ ሥራ የሚጀምረው ከደሙ ነው። ማረዱ ቶሎ ያልቃል፣ እንስሳውን ማሰቃየት፣ መርገም፣ መስደብ የሚባል ነገር የለም፣ መጽሐፉ ቦታ የሚሰጠው ደሙ የት እንደሚሄድ ነው፣ መሠዊያው ቀንዶች ላይ ይቀባል፣ ለሕዝቡ በሙሉ ሲሆን ደሞ ወደ ውስጥ ገብቶ መጋረጃው ፊት ሰባት ጊዜ ይረጫል። በኃጢአት መሥዋዕት ላይ ደሙ የሚያርፈው ባለቤቱ ላይ ሳይሆን በእግዚአብሔር ማደሪያ ላይ ነው፣ ይሄ በጣም ሊገርምሽ ይገባል። ዘሌዋውያን 16፥16 ምክንያቱን በግልጽ ይናገራል፣ መቅደሱ በሕዝቡ ርኩሰት መካከል ስላለ ነው ማስተሰረያ የሚደረግለት ይላል። ጄከብ ሚልግሮም የሚባል በዘሌዋውያን ላይ ትልቅ ሥራ የሰራ የአይሁድ ሊቅ አለ፣ እሱ ነገሩን እንዲህ ያየዋል፣ የሰው ኃጢአት ሰውየው ላይ ብቻ አይቀርም፣ እንደ ጭስ ሄዶ የእግዚአብሔር ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ካልታጠበ እግዚአብሔር በመካከላቸው መኖሩን ይተዋል፣ ደሙ የሚያጥበው እሱን ነው።

ደም ለምን ያጥባል ካልሽ 17፥11 ላይ መልሱ አለ፣ የሥጋ ሕይወት በደሙ ውስጥ ስለሆነ። እዛው ጥቅስ ላይ ግን ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ፣ እግዚአብሔር ስለ ደሙ ሲናገር ለነፍሳችሁ ማስተሰሪያ እንዲሆን እኔ ሰጠኋችሁ ነው የሚለው። ሰው ለእግዚአብሔር ያመጣለት መስሎን እግዚአብሔር ነው ለሰው የሰጠው። ቁጣውን ለማብረድ የቀረበ ጉቦ ቢሆን ኖሮ «እኔ ሰጠኋችሁ» አይልም ነበር። ይሄን ያዢልኝ፣ በኋላ መስቀሉ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ከዛ ሁለቱ ፍየሎች አሉ። በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን፣ ያው ዮም ኪፑር ነው፣ ሊቀ ካህናቱ የተልባ እግር ልብስ ለብሶ፣ መጀመሪያ ስለራሱና ስለቤቱ ወይፈን አርዶ፣ ለሕዝቡ ሁለት ፍየል ፊት ለፊት አቁሞ ዕጣ ይጥላል። አንዱ ለእግዚአብሔር ይታረድና ደሙ ቅድስተ ቅዱሳን ገብቶ የታቦቱ የስርየት መክደኛ ላይ ይረጫል። ሁለተኛው ላይ ግን ሊቀ ካህናቱ ሁለቱንም እጁን ጭኖ የሕዝቡን በደል ሁሉ ይናዘዝበታል፣ ከነሕይወቱም ወደ ምድረ በዳ ይለቀቃል። አየሽው? ኃጢአት የተጫነበት ፍየል የሚታረደው አይደለም፣ የሚታረደው ላይ ኃጢአት አልተጫነበትም። እንደውም የኃጢአት መሥዋዕት ሥጋ ቅዱስ ቅዱሳን ነው የሚባለው፣ ደሙ ወደ ውስጥ ካልገባ ካህናቱ በተቀደሰ ቦታ ይበሉታል። የተረገመ ነገር ቢሆን እንዴት ይበሉታል።

ሴትየዋን ወደጠየቅሽው ጥያቄ ልምጣ። ቤተ መቅደስ ከሌለ በምን ይሰረያል ላልሽው የመጀመሪያው መልስ የተሰጠው እኮ ቤተ መቅደሱ በተመረቀበት ቀን ነው። 1ኛ ነገሥት 8 ላይ ሰሎሞን ቆሞ ሲጸልይ፣ ሕዝብህ ቢበድሉህና ወደ ጠላት አገር ቢማረኩ፣ በዛም ተመልሰው ወደዚህ ቤት ቢጸልዩ ስማቸው ይቅርም በላቸው ይላል፣ ምርኮ አገር ላይ የሚታረድ በግ የለም። ያ ቤት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ባቢሎናውያን ሲያፈርሱት ይሄ ጸሎት የሚኖሩበት ሆነ። ሁለተኛውን ቤት ደሞ እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ሲያቃጥሉት ረቢ ዮሐናን ቤን ዘካይ የሚባለው መምህር ፍርስራሹን አይቶ «ወዮልን» ያለ ደቀ መዝሙሩን ልጄ አትዘን፣ ያንኑ የሚያክል ሌላ ማስተሰረያ አለን፣ እሱም በጎ ማድረግ ነው ብሎ ሆሴዕ 6፥6ን እንደጠቀሰለት አይሁድ ይተርካሉ፣ «ከመሥዋዕት ይልቅ ምሕረትን እወዳለሁ» የሚለውን። እኔ ይሄን ሳነብ ልቤ ይነካል ምክንያቱም ማቴዎስ 9 ላይም 12 ላይም ጌታ ለፈሪሳውያን የጠቀሰው ይሄንኑ ጥቅስ ነው።

የኛው አገር ልጆችም እዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። ጎንደርና አካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሚሽናና ታልሙድ የሚባሉት የአይሁድ መምህራን የሕግ መጻሕፍት ሳይደርሳቸው ኦሪቱን ይዘው ኖረዋል፣ ሌላው ዓለም ያለው አይሁድ ከተወው ስንት ዘመን በኋላ እነሱ የፋሲካ በግ ያርዱ ነበር፣ ዮም ኪፑርን ደሞ አስተሰርዮ ይሉታል። ለሴትየዋ ይሄን ብትነግሪያቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

አሁን ወደኛ። ሰው የሚረሳው ነገር የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ሁሉም አይሁድ እንደነበሩና ከትንሣኤው በኋላም ቤተ መቅደሱን እንዳልተዉ ነው። የሐዋርያት ሥራ 3 ላይ ጴጥሮስና ዮሐንስ በዘጠኝ ሰዓት በጸሎት ጊዜ ወደ መቅደስ ይወጣሉ፣ ያ ዘጠኝ ሰዓት የማታው የዘወትር በግ የሚቀርብበት ጊዜ አካባቢ ነው፣ ጌታ ነፍሱን የሰጠበትም፣ እኛም እስከዛሬ ስንጾም የምንቆይበት ያው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዛ ይበልጥ የሚገርመው ምዕራፍ 21 ነው፣ ጳውሎስ ስእለት ላለባቸው አራት ሰዎች ከፍሎላቸው መቅደስ ይገባል፣ የናዝራዊ ስእለት፣ ራስን ለእግዚአብሔር የመለየት ስእለት ማለት ነው፣ ሲፈጸም ዘኍልቍ 6 ከሚያዛቸው መሥዋዕቶች አንዱ ደሞ የኃጢአት መሥዋዕት ነው። እስኪ አስቢው፣ ስለ መስቀሉ ከማንም በላይ የጻፈው ጳውሎስ! የበጉ ደምና የጌታ ደም አንድ ወንበር ላይ የሚሻሙ ነገሮች ቢሆኑ ኖሮ ይሄን ባላደረገ ነበር።

ደሞ ጌታ የሞተው በዮም ኪፑር ሳይሆን በፋሲካ ሰሞን ነው፣ የፋሲካ በግ በዘጸአት 12 የኃጢአት መሥዋዕት አይደለም፣ ከባርነት የመውጫ በግ ነው፣ ደሙ በር ላይ የተቀባው ሞት እንዲያልፍ ነው። ጳውሎስ ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዷል የሚለው፣ ዮሐንስም አጥንቱ አልተሰበረም የሚለው ከዛ አንጻር ነው። በመጨረሻው እራት ላይ ደሞ ጌታ የኪዳን ደም ሲል ሙሴ ሲና ላይ ሕዝቡን የረጨበትን ነው የሚያስታውሰው። ዮም ኪፑርን ሰፋ አድርጎ የሚያመጣው የዕብራውያን መልእክት ነው። ብዙ በር ያለው ቤት ነው፣ አንዱን በር ብቻ ይዘን ሌላውን ስንዘጋ ነው የምንጠበው። የኛ የፋሲካ ሰላምታስ ምን ይላል፣ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን፣ አሰሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም»፣ ሰይጣንን አሰረው አዳምን ነጻ አወጣው፣ ይሄ ከግብፅ የመውጣት ቋንቋ ነው። ለአባ ሰላማ ጵጵስና የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስም ስለ ጌታ ሞት ሲጽፍ ሞትና መበስበስ በሕይወት መሸነፋቸው ላይ በጣም ያተኩራል። ዕዳ ተከፈለ የሚለውን የካንተርበሪው ጳጳስ አንሴልም በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው በደንብ ያብራራው፣ ቅጣቱን በኛ ፋንታ ተቀበለ የሚለውን ደሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት መምህራኑ እነ ካልቪን አጠነከሩት፣ ወንድምሽ የሚሰማው ይሄንን ነው፣ «ስለ መተላለፋችን ቆሰለ» የሚለውን ኢሳይያስ 53ን ይዞ ስለሆነ ከንቱ ነው አትበይው፣ ግን ያለው እሱ ብቻ ነው ካለሽ አይደለም በይው።

ታዲያ በዱቄት ይቅር ካለ ጌታ ለምን ሞተ? ዕብራውያንን ካነበብሽ ጸሐፊው የድሮዎቹ ሰዎች ይቅር አልተባሉም እያለ እኮ አይደለም የሚከራከረው፣ አብዝቶ የሚያነሳው ሁለት ነገር ነው፣ ሕሊና እና ወደ እግዚአብሔር ፊት መግባት። መሥዋዕቱ በየዓመቱ ይደገማል፣ የሰውየው ሕሊና ግን ፍጹም አይሆንም፣ ቅድስተ ቅዱሳንም አንድ ሰው በዓመት አንዴ ብቻ ይገባበታል፣ ሌላው ውጪ ቆሞ ይጠብቃል። እግዚአብሔር ይቅር ለማለት አቅም አጥቶ የሆነ ሰው እስኪደማለት አልጠበቀም፣ ዱቄቱም ርግቡም በጉም እሱ ከምሕረቱ የከፈታቸው ናቸው። እኛ ክርስቲያኖች የምናምነው «እኔ ሰጠኋችሁ» ያለው አምላክ በመጨረሻ የራሱን ሕይወት ይዞ መምጣቱን ነው፣ የእንስሳ ሕይወት የመቅደሱን ግድግዳ ካጠበ የሱ ሕይወት ሕሊናችንን ያጥባል፣ መጋረጃውም ለሁላችን ተከፈተ። 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥19 እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ ነበር ይላል፣ አስታራቂው ራሱ የተበደለው ነው። እንዲህ ካየሽው ዱቄቱ የመስቀሉ ጠላት አይሆንብሽም፣ ባዶ እጁን የመጣ ሰው አይመለስም የሚለውን አስቀድሞ ያሳየሽ እሱ ነው።

ሴትየዋን በተመለከተ፣ በጥያቄሽ ክፋት እንዳልነበረው አውቃለሁ፣ ግን ለሳቸው ሃይማኖታችሁ መቅደሱ ከፈረሰበት ከ70 ጀምሮ ባዶ ነው ያልሽ ያህል ነው የተሰማቸው፣ አይሁድ ደሞ ይሄን ነገር ከክርስቲያን አፍ ስንት መቶ ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ከዱላ ጋር ሰምተውታል። ቀረብ ብለሽ «ያን ቀን አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ፣ ዱቄቱን አንብቤዋለሁ፣ ልክ ነዎት» በያቸው፣ ክርክር አትጨምሪበት፣ የሚያበላቸው የሚያለብሳቸው እጅ ያንቺ ስለሆነ በእምነት ጉዳይ ልትጫኛቸው አይገባም። ዮም ኪፑር ሲደርስ 25 ሰዓት ያህል ምግብም ውሃም የለም፣ መድኃኒት ካላቸው አስቀድመሽ ከልጆቻቸውና ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሪ፣ ለታመመ ሰው ሕጋቸው ራሱ ብላ ይላል።

እና የብሩ ነገር። አውቆ ለሰራ መሥዋዕት የለውም የሚለውን ያነበብሽው ዘኍልቍ 15 ላይ ነው፣ እሱ በትዕቢት እጁን አንስቶ የእግዚአብሔርን ቃል ስለናቀ ሰው ነው። ዘሌዋውያን 6 መጀመሪያን ደሞ አንብቢው፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ያንቺ ጉዳይ እዛ አለ። ባልንጀራው አደራ ያስቀመጠበትን ነገር የካደ፣ በሐሰትም የማለ ሰው ይላል። አውቆ ነው ያደረገው፣ በስህተት የሚክድ የለም። ግን በር ተከፍቶለታል፣ የወሰደውን ሙሉውን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅ ይጨምርበት፣ ለባለቤቱ ይስጠው፣ ከዛ አውራ በጉን ይዞ ወደ ካህኑ ይምጣ ነው የሚለው። ዘኍልቍ 5 ደሞ ይናዘዝ የሚለውን ይጨምራል። ጌታም ማቴዎስ 5 ላይ መባህን መሠዊያው ፊት ተወው፣ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል፣ እ.ኤ.አ. 200 አካባቢ የተጠናቀረው ሚሽና ደሞ በሰውና በሰው መካከል ያለውን በደል ሰውየው ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ ዮም ኪፑር አያስተሰርይለትም ይላል። ሴትየዋም፣ አንቺም፣ ሙሴም፣ ጌታም እዚህ ላይ ተስማምታችኋል።

አንቺ ለእግዚአብሔር ነግረሽዋል፣ ለንስሐ አባትሽ ነግረሻል፣ ለጓደኛሽ ግን አልነገርሽም። ሰላም ያጣሽው ደሙ አንሶብሽ አይመስለኝም፣ ያቺ ልጅ እስካሁን ብሩ ሃዋላ ላይ እንደጠፋ ነው የምታምነው፣ ምናልባትም የላኪውን ሰው ስትራገም ትኖራለች። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ ቤቱ ከገባለት በኋላ ነው፣ እንዲገባለት ብሎ አልከፈለም፣ አንቺም ይቅርታ ለመግዛት ብለሽ አትክፈዪ፣ ይቅር ስለተባልሽ ክፈዪ።

በቴክስት አታድርጊው፣ ቅርብ ካለች አግኝያት፣ ሩቅ ካለች ደውዪላት። «ቸግሮኝ ነበር» የሚለውን መጀመሪያ ላይ አታምጪው፣ መጀመሪያ «ብሩ አልጠፋም፣ እኔ ነኝ የበላሁት፣ ከዛም ዋሸሁሽ» በያት። ሙሉው ካለሽ ከነአምስተኛ እጁ ባንዴ ስጫት፣ ከሌለሽ በየወሩ ስንት እንደምትከፍዪ ቀን ቆርጠሽ ንገሪያት። ልትቆጣ ትችላለች፣ ልትርቅሽም ትችላለች፣ መብቷ ነው፣ ቶሎ ይቅር በዪኝ ብለሽ አታስጨንቂያት። ብሩ የታሰበው ለእናቷ ስለነበር ለማን እንደሚሄድ እሷ ትወስን፣ በቀጥታ ለእማማ ላኪላቸው ካለችሽ ላኪና ደረሰኙን ለሷ ስጫት።